ወንዛችንን ቀይ ለቀቡት ክቡር ኃላፊ

ይድረስ፦ ለመንገደኞች ማስጠንቀቂያ መምሪያ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረው ጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ የዓለምን ካርታ የሚቀቡባቸው ቀለሞችዎ ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ በኢቫሚ ወንዝ ዳር የምንኖር የዋሪምቦ መንደር ሰዎች፣ ዝናቡም ሳይቀርብን፣ ወባውም ሳይለቀን፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘን አለን። ደህና ነን እንዳልል አንድ ሰው ጎድሎብናል። ደህና አይደለንም እንዳልል ደግሞ ክቡርነትዎ ይህንኑ ቃሌን ወስደው በድረ ገጽዎ ላይ ማስጠንቀቂያ አድርገው እንዳያወጡት እፈራለሁ።

ስሜ ቤርታ ዋኒንጋ ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት የመንደራችንን ልጆች ማንበብና መጻፍ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አሁን ከቤቴ ጎን ባለች ባለ ሁለት ክፍል የእንጨት ቤት እንግዳ አሳድራለሁ። ክቡርነትዎ ስሜን እንደሚያውቁት እገምታለሁ፤ መምሪያዎ «የጥፋተኝነት እምነት ቃል» ብሎ በመዘገበው ደብዳቤ ግርጌ ያለው ፊርማ የእኔ ነውና። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎ ሦስቱንም ጊዜ «ደብዳቤዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን፣ ለዚህ መልእክት መልስ አይስጡ» የሚል ምላሽ አግኝቻለሁ። ሰው ሁሉ ሥራ በበዛበት በዚህ ዘመን ሦስት ጊዜ መመስገን ቀላል ክብር አይደለም። ነገር ግን ምስጋናው ስለ በዛብኝ፣ አራተኛውን የወደብ ከተማችን ጋዜጣ ደግ ሆኖ በሰጠኝ ቦታ ላይ ሰው ሁሉ እያየው ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ጉዳዬ አጭር ነው። ታናሽ ወንድሜ አሎይስ በሰው ሞት ተጠርጥሮ በወደብ ከተማችን እስር ቤት ከተቀመጠ አሥራ አራት ወር ሆነው። እሱን የምታስፈታው አንዲት ወረቀት ናት፤ ወረቀቷም ያለችው ከእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ነው። ይህን ብዬ ልጨርስ አስቤ ነበር፤ ዳሩ ግን በእናንተ ዘንድ በተራ ቁጥር ያልተጻፈ ነገር አይነበብም ሲሉ ስለ ሰማሁ፣ በልማዳችሁ መሠረት ከዚህ በታች ዘርዝሬ አቀርባለሁ።

፩. ስለ ቀለሙ። በቅድሚያ አገራችንን ፓፑዋ ኒው ጊኒን ከነወንዞቿ ዜጎቻችሁን «አይሂዱ» በምትሉበት ቀይ ስለ ቀቡልን ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ምክንያቱ ከእኛ መንደር የአራት ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ ደጋ ሁለት ጎሳዎች በመሬት መጣላታቸው እንደሆነ ከገጽዎ አንብቤአለሁ። እኔ ያንን ደጋ በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም፤ ብርድ ነው ይላሉ። ቢሆንም ከቢሮ ሆኖ ለሚያይ ሰው ደጋውም ወንዙም በአንድ አውራ ጣት የሚሸፈን ስለሆነ አልተቀየምኩም።

የእኛ መንደር አዛውንቶች ከሚያስታውሱት ወንጀል ሁሉ ትልቁ፣ ዋናው ሽማግሌያችን ኮምብራ በጎልማሳነታቸው የጎረቤታቸውን ዶሮ በልተው «አዞ ወሰዳት» ማለታቸው ነው። ላባው በገዛ ጢማቸው ላይ ስለ ተገኘ ልጆች እስከ ዛሬ ከኋላቸው ሆነው «አዞው መጣ» ይሏቸዋል። ይህንን የምንናዘዘው ከሌላ ሰው ቢሰሙት የደበቅንዎት እንዳይመስልብን ነው። ለዶሮ የሚሆን ቀለም ካለዎት እሱን እንቀበላለን።

፪. ስለ አንሰልም። የእናንተው ዜጋ አንሰልም በዝናቡ ወራት መግቢያ ላይ ብቻውን፣ ያለ አስጎብኚ፣ በእንጨት ጫኝ መኪናና በሰው ታንኳ እየተቀባበሉት ወደ እኛ ደረሰ። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነው። ምን ፈልጎ እንደ መጣ ብንጠይቀው፣ ሰው ሁሉ «አትሂድ» የሚለውን አገር ሄዶ ማየት ልማዱ መሆኑን፣ አሁን ደግሞ ደኑ ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥ እንደሚፈልግ ነገረን። ዝም ብሎ መቀመጥ እኛም የምንችለው ሥራ ስለሆነ ወደድነው። ለአንድ ሳምንት የመጣው ሰው ሰባት ሳምንት ሰነበተ።

ሳጎ የሚባለውን የዘንባባ ግንድ ወቅጦ የሚበላውን ዱቄት ማውጣት በእኛ ዘንድ የሴት ሥራ ነው። አንሰልም ይህን ሳያውቅ፣ ምናልባትም እያወቀ፣ ከሴቶቹ መሃል ገብቶ ሲወቅጥ ውሎ መዳፉ ሁሉ ውኃ ቋጠረ። የኮምብራ ባለቤት አጋታ እጁን ገልብጣ አየችና «አንተ ልጅ፣ እስካሁን ሚስት ያጣኸው ለካ ይህንን እጅህን እያዩ ነው» አለችው። እኔ ተርጉሜ ስነግረው ከልቡ ሳቀና እናቱም ይህንኑ እንደምትለው ነገረን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቱን በሩቁ አወቅናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ከእሱ ሌላ ልጅ የሌላት፣ በየሄደበት ደብዳቤ የምትጠብቅ ሴት ናት። አጋታ ገበያ በሄደች ቁጥር «ለእናቱ የምትሆን» እያለች ትንሽ ዘንቢል ታስቀምጥ ጀመር።

ገጽዎንም አትሞ በመጽሐፉ መሃል ይዞት ነበር። አመሻሽ ላይ ደጃፌ ተቀምጠን እሱ ያነባል፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ መንደሩ ይስቃል። «የአካባቢው ሰው የሚሰጥዎትን ምግብ አይብሉ» ከሚለው ሲደርስ አፉን ዓሣና ሳጎ ሞልቶት ስለ ነበር ቃሉ አልወጣለት አለ። የሞተር ታንኳ ያለው ወንድሜ አሎይስ ይህን ሲያይ «እኛስ? ከአንተ የምንጠነቀቅበት ገጽ የለንም እንዴ? ትናንት የሦስት ሰው ራት ብቻህን ነው የጨረስከው» አለው። ክቡር ሆይ፤ ያን ያህል ስላሳቁን እግዚአብሔር ይስጥልን። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አልሳቅንም።

፫. ስለ ሄሊኮፕተሩ። በሰባተኛው ሳምንት ትኩሳት ያዘው። የጤና ኬላችን ነርስ ደሙን አይቶ ወባ መሆኑን ነገረን፤ መድኃኒትም ሰጠው። በሦስተኛው ቀን ግን ወባው ወደ ጭንቅላቱ ወጣና ሰው መለየት ተሳነው። እኔን በእናቱ ስም ይጠራኝ ጀመር፤ እኔም አቤት አልኩት። በቦርሳው ውስጥ የኢንሹራንስ ወረቀት አገኘን፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ሄሊኮፕተር ይላካል ይላል። በአቅራቢያችን ካለው የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን የሳተላይት ስልክ ተውሼ ደወልኩ።

ስልኩን ያነሳችው ሴት እጅግ ጨዋ ነበረች። የወንዛችንን ስም ፊደል በፊደል ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ከዚያም «በጣም አዝናለሁ፣ ቦታው ቀይ ነው» አለችኝ። መምሪያዎ «አይሂዱ» ባለው ቦታ ኢንሹራንሱ እንደማይሠራ፣ ሄሊኮፕተሩም እንደማይነሳ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ስለ ደጋውና ስለ ወንዛችን ርቀት ልነግራት ሞከርኩ፤ የእሷ ሥራ እንዳልሆነ ነገረችኝ፤ እውነቷን ነው። በመጨረሻም ሌላ የምትረዳኝ ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። እኔ ሞኟ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማስጠንቀቂያዎ መንገደኛን ከአደጋ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። መንገደኛውን ከሄሊኮፕተር እንደሚጠብቅ ያወቅኩት ያን ቀን ነው፤ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

አሎይስ ታንኳውን አዘጋጀ። ወንዙ ሞልቶ፣ ግንድ እያንከባለለ ስለ ነበር ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰው የማይወጣበት ቀን ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ከሞተሩ ሳይነሳ፣ ግንዱን በዚህ በዚያ እየሸሸ ነዳ፤ እኔ የልጁን ራስ በጭኔ ይዤ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ እዳስሳለሁ። ከተማዋ ልትታይ ጥቂት ሲቀራት፣ ወንዙ ከባሕሩ ከሚገናኝበት ላይ፣ አንሰልም በጭኔ ላይ ሞተ። አሎይስ ሞተሩን አጠፋና ታንኳውን ለውኃው ተወው። ወንድሜ ሲያለቅስ ያየሁት አባታችን የሞተ ቀንና ያን ቀን ብቻ ነው።

፬. ስለ ደብዳቤዬ። ክቡር ሆይ፤ ከዚህ በታች ያለውን ስጽፍ አሽሙሬ ያልቅብኛል፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

በእኛ ዘንድ ሰው በእንግድነት ከሄደበት ቤት ቢሞት ሞቱ የባለቤቱ ነው። ከዛፍ ወድቆ ይሁን፣ ውኃ ወስዶት ይሁን፣ እርጅና ይሁን፣ አይጠየቅም። ባለቤቱ አሳማ ነድቶ፣ የዛጎል ቀለበት ይዞ ወደ ሐዘንተኛው ይሄዳል፤ ሆድ ማብረጃ እንለዋለን። ከለቅሶው ቤት ደጃፍ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ «ጥፋቱ የእኛ ነው» ይላል። ሐዘንተኛው ደግሞ ቀና ያደርገውና «አይደለም፣ ቀኑ ደርሶ ነው» ይለዋል። ከዚያ አብረው ተቀምጠው ያለቅሳሉ፤ አብረው ይበላሉ፤ በቃ። አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። «ጥፋቱ የእኛ ነው» የሚለው ገና ግማሽ ንግግር ነው፤ ሌላው ግማሽ በሐዘንተኛው አፍ ውስጥ ነው ያለው።

አስከሬኑን ከከተማው ሐኪም ቤት የሚረከበው የኤምባሲያችሁ ሰው በሚመጣበት ሰሞን ሽማግሌዎቹ በቋሚ እንጨት ላይ ከተሠራው ቤቴ ሥር ተሰበሰቡ። ሴቶቹ ፊታቸውን ጭቃ ተቀብተው፣ የለቅሶ ቤቱ ተሠርቶ፣ መንደሩ ሁሉ ለአንሰልም ተቀምጧል። እናቱ ሩቅ ስለሆነች ጎንበስ የሚልላት ሰው መላክ አልተቻለም፤ በእኔ እጅ ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ። ኮምብራ ቃሉን ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። «ልጅሽ በእጃችን ላይ ሞተ፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ በያት» አሉኝ።

ብዕሬን ይዤ ቆየሁ። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ወረቀት ከመንደሩ ሲወጣ ሌላ ሰው እንደሚሆን አውቃለሁ። «እጅግ አዝነናል ብዬ ልጻፈው ይሆን?» አልኳቸው።

ኮምብራ ተቆጡ። «ማዘንማ አላፊ አግዳሚውም ያዝናል። እኛ እኮ ባለቤቶቹ ነን» አሉኝ።

አፈርኩ። እውነታቸውን ነበራ። ስለዚህ እንዳሉኝ ጻፍኩ፤ ታንኳው የአሎይስ መሆኑን፣ እስከ መጨረሻው አብሮት የነበረ እሱ መሆኑን፣ ለእናትየው ክብር ብዬ ስሙን ከነአባቱ ጨመርኩ። ባማረ ጽሑፍ ነበር የጻፍኩት፤ ስሕተት እንዳይኖርበት ሁለቴ አነበብኩት። ወንድሜን ያሰረ ፖሊስ አይደለም፤ የእኔ ጽሕፈት ነው። ይህን ዛሬ ያለ ምንም ማባበያ እናገረዋለሁ፤ እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው።

በነጋዴ ታንኳ ከተማ ወረድኩ፤ የኤምባሲው ሰው ደብዳቤውን በአክብሮት ተቀበለኝ። ዘጠኝ ቀን ሳይሞላ ፖሊሶች ያንኑ ደብዳቤ ይዘው መጡ። «የጽሑፍ እምነት» የሚል ማኅተም ነበረበት። ደብዳቤው ለእናትየው እንዳልተሰጣት፣ ይህም «የሐዘንተኛውን ቤተሰብ ስሜት ለመጠበቅ» መሆኑን ቆይቼ ሰማሁ። ለሰው ስሜት የሚያስብ መሥሪያ ቤት ማየት እንዴት ደስ ይላል።

፭. ስለ አሳማዎቹ። ለእናትየው የተለዩት አራት አሳማዎች በአውሮፕላን መግባት እንደማይችሉ ስለ ተነገረን እዚሁ ቀርተዋል። ሆድ ማብረጃ አንዴ ከተሰጠ ስለማይመለስ ልናርዳቸው አንችልም፤ የወለዱትም የእሷ ነው። እስከ ዛሬ እመቤቲቱ አሥራ አንድ አሳማ አላት። ሁለቱ የአጋታን የጓሮ ድንች ቆፍረው ጨርሰዋል፤ አጋታ ዱላ ካነሳች በኋላ የማን መሆናቸው ትዝ ይላትና ትመልሰዋለች። ይህን ለመዝገብዎ ያህል ነው የጻፍኩት።

፮. ስለ ፍርድ ቤቱና ስለ ወረቀቷ። ለአሎይስ መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ ደግ ልጅ ነው። ዳኛው «ጥፋተኛ ነህ ወይ» ሲሉት «አይደለሁም» እንዲል አሥር ጊዜ አስጠናው፤ አሎይስም እሺ አለ። በቀጠሮው ቀን ግን ከኤምባሲያችሁ አንድ ሰው መጥቶ ከፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አሎይስ አየው። የአንሰልም አገር ሰው ነው፤ የአንሰልም ወገን ነው፤ አሎይስ ከአንሰልም ሞት በኋላ የእሱን ወገን ፊት ለፊት ሲያይ ያ ቀን የመጀመሪያው ነው። ዳኛው ጠየቁት። ወንድሜ ወደ ዳኛው አልዞረም። ወደዚያ ሰውዬ ዞሮ ጎንበስ አለና «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ከዚያ ጎንበስ እንዳለ ቆየ፤ ቀና እስኪያደርገው ይጠብቀዋል። ያ ሰው ግን ማስታወሻ ደብተሩን አወጣና ጻፈ።

በችሎቱ ውስጥ ከነበርነው የአገሩ ሰዎች ያላለቀሰ አልነበረም። ዳኛውም የእኛው ሰው ናቸው፣ ወዲያው ገባቸው። መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ቀና በል። እዚህ ለቅሶ ቤት አይደለም» አሉት። ያንን ቃሉን መዝገብ ላይ አልጻፉትም። ነገር ግን ሕግ ሕግ ነው፤ የጽሑፉ እምነት ከመዝገቡ ላይ ተቀምጧል፤ በባዶ ሜዳ ሊያሰናብቱት እንደማይችሉ ነገሩን። የጤና ኬላው ነርስ መጥቶ መስክሯል፤ የደሙን ውጤት የጻፈበት ደብተር ግን ወንዙ በሞላበት በዚያው ሰሞን ጎርፍ ወስዶታል። ስለዚህ ዳኛው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ አስከሬኑ በአገራችሁ ሐኪም የተመረመረበትን ውጤት። ወረቀቷ ወባ ካለች አሎይስ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ምርመራው መደረጉን የኤምባሲው ሰው ራሱ ነግሮኛል። ውጤቱም ወባ መሆኑን አልደበቀኝም። «ሰነዱ ግን ለሦስተኛ ወገን አይሰጥም» አለኝ። ልጁ በጭኔ ላይ የሞተ እኔ፣ ሁለት ቀን ከሞተሩ ያልተነሳ ወንድሜ፣ ሦስተኛ ወገን ነን። ሁለተኛው ማን እንደሆነ ብጠይቀው ፈገግ አለ። ዳኛው በይፋ ጽፈው ቢጠይቁም ጉዳዩ «በሚመለከተው ክፍል እየታየ» ነው ተብሏል። አምስት ቀጠሮ አለፈ። የሚመለከተው ክፍል አሁንም እያየ ነው፤ ዓይኑን ይጠብቅለት።

ሰባተኛ ቁጥር የለኝም። የቀረኝ ልመና ነው።

ባለፈው ወር ወንድሜን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሳል ጀምሮታል፤ ከስቷል፤ ሸሚዙ የሌላ ሰው መስሏል። ከታሰረ በኋላ የተወለደችውን ልጁን ይዤለት ሄድኩ፤ በፍርግርጉ መሃል ጣቱን ሰጣትና ያዘችው። ያን ጊዜ እግሩ ላይ ልወድቅ ቃጣኝ። ይቅር በለኝ፣ እጄ ይቆረጥ፣ ያሰርኩህ እኔ ነኝ አልኩት።

«ተይ እታለም» አለኝ። «የጻፍሽው ልክ ነው። እንግዳዬ አይደል እንዴ? ነገም ብጠየቅ ያንኑ ነው የምለው።» ጣቱን ከልጁ እጅ ሳያወጣ «እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ደብዳቤው አልደረሳትም ማለት እኮ ለልጇ ማንም አላለቀሰለትም ብላ ነው የተቀመጠችው» አለኝ።

አሥራ አራት ወር የታሰረ ሰው የሚያስጨንቀው ይህ ነው፣ ክቡር ሆይ። እኔ እንደ እሱ ደግ አይደለሁም፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሳሉ ነው። ስለዚህ በከበረው ጫማዎ ሥር ሆኜ የምለምንዎ እንዲህ ነው። መሳቢያዎን ይክፈቱ። የአንሰልምን የምርመራ ውጤት ያውጡ። ለዳኛው ይላኩ። የደብዳቤዬንም ዋናውን፣ ማኅተም ያረፈበትንም ቢሆን፣ ለእናቱ ይስጡልኝ። ምን እንደምትመልስልን አላውቅም፤ ልትራገመን ትችላለች፤ መብቷ ነው። ነገር ግን እስከ ዛሬ መልስ እንድትሰጥ ማንም አልጠየቃትም። ልጇ እዚህ ብቻውን እንዳልሞተ ከእኛ ሌላ የሚነግራት የለም፤ እኛን ደግሞ እርስዎ ዝም አሰኝተውናል።

ቀለሙን አንሡልን አልልም። ቀይም ሆነ ቢጫ፣ ደኑ አይሰማም፣ ወንዙም አያነብም። መንገደኛ ቢቀርብንም ሳጎና ዓሣ አይጠፋም። ወንድሜን ግን መልሱልኝ።

በመጨረሻም ውድ ጊዜዎን ስለ ወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ መሳቢያዎ ከምስጥ፣ ወንበርዎ ከመወላገድ፣ እጅዎ ከመድከም እንዲጠበቅ፣ እርስዎም የትም ቢሄዱ ከሞቱ በፊት ስምዎን የሚጠይቅዎ፣ ከሞቱ በኋላ የሚያለቅስልዎ ባለቤት እንዲገጥምዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ለከፍተኛ ማዕረግዎ የሚገባውን ያህል ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ቤርታ ዋኒንጋ
የቀድሞ አስተማሪ፣ የአሎይስ ዋኒንጋ እህት፣ ሦስተኛ ወገን
ዋሪምቦ፣ ኢቫሚ ወንዝ ዳር

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦

ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ሳልልከው ማክሰኞ ዕለት አንድ የነጋዴ ታንኳ ከመንደራችን መውረጃ ላይ አንድ መንገደኛ አራግፎ ሄደ። ብቻውን የሚዞር ሰው ነው፤ የእናንተው ዜጋ ነው። በትኩሳት ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቦርሳውን ተደግፎ ተቀመጠና ውኃ ለመነን። መንደራችን ከቆመ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተጠማ ሰው ውኃ ከመስጠታችን በፊት ተሰብስበን መከርን። «ማዘንማ አላፊ አግዳሚውም ያዝናል» ያሉኝ እኒያው ኮምብራ «መጀመሪያ ይፈርም» አሉ። «ስደርስ ታምሜ ነበር፤ የመንደሩ ሰው አልነካኝም» የሚለውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከበፊቱ ይልቅ ተጠንቅቄ ጻፍኩት። ሰውየው አሁን ተሽሎታል፤ ከከተማው ሐኪም ቤት ነው፣ አያስቡ።

በገጽዎ ላይ «የአካባቢው ነዋሪ እንግዳን በጥርጣሬ ያያል» የሚል መስመር እንዳለ አውቃለሁ። ለዓመታት ውሸት ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ እውነት ስለሆነ እንኳን ደስ አለዎት፤ መስመሩን እንዳያነሱት።

እጁ ይንቀጠቀጥ ስለ ነበር መፈረሙ ጊዜ ወሰደ። ውኃውን የሰጠነው ከፈረመ በኋላ ነው።